ግቢ ውስጥ ያለውን የካውንስሊንግ ቢሮ ተጠቅሞበት የሚያውቅ አለ?

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ደርሶታል። ምደባው ሲወጣ ከቤታችን በመኪና ሁለት ቀን የሚያስኬድ ግቢ ሆነ። እናቴ በሶ እያስፈጨች፣ እኔ ብርድ ልብስና አንሶላ እየገዛሁ አንድ ሐሳብ አልለቀኝ አለ። ይሄ ልጅ ሲከፋው አይናገርም። ዝም ይላል፣ ከዚያ ምግብ ይተዋል። ቤት እያለ እናቴ ፊቱን አይታ ታውቅበታለች። እዚያ ማን ያውቅበታል?

ለምን እንደፈራሁ ልንገራችሁ። ሁለተኛ ዓመት እያለሁ አንዲት የዶርማችን ልጅ ከሚድ በኋላ ክላስ መግባት አቆመች። ጎበዝ ነበረች። ምን ሆነሽ ስንላት ራሷን እንዳመማት ትነግረናለች። ቀኑን ሙሉ ከላይኛው አልጋ ላይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ትተኛለች። ዶርሙ ውስጥ ስድስት ነበርን፣ አንዳችንም ምን እንደሚደረግ አላወቅንም። አንዷ ትጸልይላታለች፣ አንዷ ቡና ታፈላለች፣ እኔ ኖት እገለብጥላትና ጠንከር በይ እላታለሁ። በመጨረሻ የካውንስሊንግ ቢሮ የሚባል ነገር እንዳለ ሰምቼ ይዣት ሄድኩ።

ቢሮው የተማሪዎች ዲን ኮሪደር ላይ ነው፣ ከዲሲፕሊን ቢሮ ፊት ለፊት። አግዳሚ ወንበሩ አንድ ነው። ሲኮርጅ የተያዘም፣ በጸብ የተከሰሰም፣ እንባው የመጣበትም እዚያችው ላይ ተደርድሮ ይቀመጣል። በሩ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ ፀሐይ ስላደበዘዘው የሥራ ሰዓቱ አይነበብም። ተቆልፎ ነበር። ጸሐፊዋ አማካሪው እያስተማረ እንደሆነ ነግራን ለማክሰኞ ቀጠረችን። ማክሰኞ ጓደኛዬ ከአልጋዋ አልወረደችም። በሦስተኛው ሳምንት ዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ ፎርም) ሞልታ ወጣች። ያ በር ሲከፈት ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ፎርሙ ላይ የአማካሪ ፊርማ የሚል ቦታ ስለነበረ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ይህን ከመጻፌ በፊት እሷን አስፈቅጃለሁ። ጻፊው፣ ግቢውን ግን አትጥሪ ብላኛለች። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ የእናንተ ግቢ ቢሮ ይሠራል? ለወንድሜስ ምን ብዬ ልንገረው?

(ከሳምንት በኋላ የተጨመረ፦ መልሶቹ በዝተዋል፣ አንዳንዶቹም በጣም ረጅም ናቸው። አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲመች ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ በራሴ አባባል አስቀምጫለሁ።)

1ኛው መላሽ በደቡብ በኩል ያለ ግቢ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ ቢሮውን አንድ ጊዜ እንደተጠቀመበት ጻፈ። ዲፓርትመንት ሲመርጥ ግራ ገብቶት ነበር፣ አማካሪዋ ሁለት ጊዜ አናግራው ሐሳቡ ጠርቶለታል። ለጭንቀትና ለድብርትም እንደሚኬድ ግን ይህን ክር እስኪያነብ አያውቅም ነበር። ለወንድሜ መልካም ዕድል ተመኝቶ ወጣ።

2ኛው የሳይኮሎጂ መምህር ነው፤ እኔንም አረመኝ። በሩ የሚቆለፈው ሰውዬው ሰነፍ ሆኖ እንዳይመስለኝ ነገረኝ። እሱ ራሱ አማካሪ ተብሎ የተመደበው ሙሉ የማስተማር ጭነቱ ሳይቀነስለት ነው። ክፍሉ በቺፕውድ የተከለለ ነው፣ ማዶ የሚጠራው ስልክ ወዲህ ይሰማል። እዚያ ውስጥ የትኛዋ ልጅ ምስጢሯን ታወጣለች ብሎ ጠየቀ። አንድ ያላሰብኩትን ነገርም አነሳ። ጀማሪ ተማሪ ሁሉ የጄኔራል ሳይኮሎጂ ኮርስ ይወስዳል። ስለ ጭንቀት ይማራል፣ ይፈተናል፣ ግሬዱን ይይዛል፤ ያን ጭንቀት ይዞ የሚሄድበት ቢሮ ከክላሱ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ግን የሚነግረው የለም። እሱ አሁን የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹን ይዞ ሄዶ በሩን በማሳየት ይጀምራል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔ ያንን ኮርስ ኤ አምጥቼበታለሁ፣ በሩን ያወቅሁት ግን በሁለተኛው ዓመት ነው።

3ኛው አጭር ነው። ነገሩ ሁሉ የጸሎት ማነስ እንደሆነ፣ ልጁን ከግቢ ጉባኤ ጋር ካገናኘሁት ሌላ ምንም እንደማያስፈልገው ጻፈ።

4ኛዋ ለ3ኛው ነው የመለሰችው። አነጋገሯ ጨዋ ነው፣ ግን አልለቀቀችውም። እሷም የግቢ ጉባኤ አገልጋይ ነበረች። ጾማለች፣ ሰግዳለች፣ ሽንቁሩ ሚካኤል ሄዳ ተጠምቃለች። ያ እምነት በሕይወት እንዳቆያት አትክድም። እንቅልፏ የተመለሰው ግን ሆስፒታል ሄዳ ሕክምና ከጀመረች በኋላ ነው። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ፀበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ መናገራቸውን አስታወሰችው። ለዚያ በሽታ የሠራ ለአእምሮ ሕመም የማይሠራበት ምክንያት አልታያትም። 3ኛው አልተመለሰም።

5ኛው የሙስሊም ተማሪ ነው። 4ኛዋን ደግፎ የራሱን ጨመረ። ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ሁለት ኤፍ አግኝቶ ከሰው ሁሉ ተቆረጠ። ስልኩን አጠፋ። የደረሱለት የጀማዓው ልጆች ናቸው፤ ሦስት ቀን ከሱብሂ ሶላት ሲቀር ዶርሙ ድረስ መጡ። አልመከሩትም። ሻይ አጠጡት፣ አንዱ አብሮት አደረ፣ ጠዋት ክሊኒክ ይዘውት ሄዱ። መጀመሪያ ያየው ሰው ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አለመሆኑን እወቁልኝ ይላል።

6ኛዋ የሳይካትሪ ነርስ ናት፤ ከዚህ ክር ሌላ ምንም ባታነቡ እሷን አንብቡ። መጀመሪያ ሰው የሚቀላቅለውን ለየችልን። ሳይኮሎጂስት በንግግር ይረዳል እንጂ መድኃኒት አያዝም። ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፣ ያዛል። በብዙ ሆስፒታል ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኛችሁ እንደሷ ያለ ነርስ ነው። ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ ፊቱ ካልፈታ፣ እንቅልፉና ምግቡ ከተዛባ፣ ድሮ ደስ ይለው የነበረ ነገር ካስጠላው፣ ይሄ ስንፍና ስላልሆነ ይዛችሁት ሂዱ ትላለች። መድኃኒት ከተጀመረ ለውጡ የሚታየው ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ብዙ ተማሪ በአምስተኛው ቀን ምንም አልለወጠኝም ብሎ ይጥለዋል፤ እሷን የሚያንገበግባት ይሄ ነው። አማካሪ ምስጢር ይጠብቃል፣ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር።

አንድ ነገር ደግሞ ደጋግማ ጻፈች። ጓደኛችሁ መኖር እንዳስጠላው ከተጠራጠራችሁ በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ጭንቅላት ውስጥ አይተክልም፣ እንዲያውም ሸክሙን ያቀልለታል። አዎ ካላችሁ ብቻውን አትተዉት፣ የዚያኑ ቀን ወደ ሕክምና ውሰዱት። ሕክምና ሲባል አማኑኤል ብቻ እንዳልሆነም ጻፈች። ጎንደር፣ ጅማ፣ ጥቁር አንበሳ፣ ሌሎችም ሪፈራል ሆስፒታሎች የሳይካትሪ ክፍል አላቸው። አገር ውስጥ ሳይካትሪስት ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ነው። ዛሬም ባለሙያው ብዙ ባይሆንም እንደ ድሮው አንድ ቦታ ብቻ የተሰበሰበ አይደለም። የአማኑኤልን ስም ለስድብ የምትጠቀሙ ሰዎች ስንቱን ከሕክምና እንደምታስቀሩ አስቡት ብላ ጨረሰች።

7ኛው ተቆጡ። እድሜያቸው ገፋ ያለ ይመስለኛል፣ በደርግ ጊዜ እንደተማሩ ጽፈዋል። የዛሬ ልጅ ቅምጥል እንደሆነ፣ በእሳቸው ጊዜ በኩራዝ አጥንተው፣ ዘመቻውንም ጦርነቱንም አልፈው እዚህ እንደደረሱ፣ አይዟችሁ ያላቸውም ሰው እንዳልነበረ ዘረዘሩ። ሁሉ ነገር ሆድ ይፍጀው ተብሎ ያልፋል ባይ ናቸው። ስለ ጓደኛዬም ያልተገባ ቃል ጻፉ፤ እሱን እዚህ አልደግመውም።

8ኛው ወዲያው መለሰላቸው፣ ጋሼ ብሎ ቢጀምርም ቃሉ ስል ነበር። በእሳቸው ባች አእምሮው የታወከ ልጅ አልነበረም ወይስ ያበደው ተብሎ በየአጥሩ ሲዞር ዝም ብለው አዩት? ሆድ የፈጀውን የቆጠረው ማነው? ከዚያ ቁጥር አመጣ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27 ሺህ ገደማ ናቸው፣ 3.2 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። እንግዲህ ግቢ የገባው ልጅ የቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን የወረዳው ተስፋ ሆኖ ነው የሚመጣው። ኤፍ ሲያገኝ ለማን ይናገራል? ለአባቱ ደውሎ? አባቱ በሬ ሸጦ ነው የላከው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ሁለቱንም ግን ቃላቸውን እንዲያለዝቡ ለመንኳቸው።

9ኛዋ የዘንድሮ ጂሲ (ተመራቂ) ናት። የመውጫ ፈተናው ከ2015 ጀምሮ ስለመጣ የመጨረሻው ዓመት የፎቶና የጋዋን ዓመት መሆኑ ቀርቷል ትላለች። አራት ዓመት ተምረህ 50 በመቶ ካላመጣህ ዲግሪው አይሰጥም። ፈተናው ራሱ አይከፋም፣ ደግሞ መቀመጥም ይቻላል። የሚከፋው የወደቀው ልጅ ውጤቱን የሚያየው ግቢውን ለቆ፣ ቤቱ ሆኖ፣ ድግስ ከተደገሰ በኋላ መሆኑ ነው። ያኔ ዶርምም የለም፣ ቢሮም የለም። ይህን ያሰበበት ግቢ ካለ ንገሩኝ ብላ ጠየቀች። እስካሁን የመለሰላት የለም።

ከ10ኛው እስከ 12ኛው ወሬው ወደ ካፌ ሄደ። 10ኛው የተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ካለ ወዲህ ሽሮው ወፈር ማለቱን አበሰረ። 11ኛው የእሱ ግቢ ሽሮ ምንም እንዳልወፈረ ጻፈ፣ ከዚያ ስለ ነን ካፌ (ከግቢው ካፌ ውጪ መመገብ) ዋጋና ስለ ላውንጅ ፍርፍር ረዥም ክርክር ተነሳ። ወደ ጉዳዩ እንመለስ ብዬ ጻፍኩ። 12ኛዋ ግን እኔኑ አረመችኝ፣ ልክም ናት። ረሃብ ከጉዳዩ ውጪ አይደለም ትላለች። እራት የምትዘል ልጅ ታውቃለች፤ ካፌው ቀድሞ ስለሚዘጋ ላይብረሪ ማምሸት ያለባት እሷ ባዶ ሆዷን ታድራለች። ከቤት የሚላክላት የለም፣ ይባስ ብሎ ከኮፒ ቤት ሥራዋ ለእናቷ ትልካለች። ለዚህች ልጅ ምክር ብቻ ምን ይሠራላታል? አማካሪው ካፌውንም፣ ሬጅስትራሩንም፣ ክሊኒኩንም ደውሎ ማነጋገር የሚችል ሰው መሆን አለበት።

13ኛው ስለ ጫት ነው። ለፈተና ሰሞን ብቻ ብሎ ጀምሮ ሳይቅም ማጥናት ያቃተው ልጅ ነው የጻፈው። እንቅልፉ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ክሊኒክ ሄዶ ስለ ጫቱ ሳይናገር ራስ ምታት ብቻ አሞኛል ማለቱን፣ ፓራሲታሞል ይዞ መመለሱን አመነ። የተናገረው ለዲሲፕሊን ይደርሳል ብሎ ስለፈራ ነው። 6ኛዋ ተመልሳ አጽናናችው፣ ለሚያክመው ሰው እውነቱን ቢነግረው ሕክምና እንጂ ክስ እንዳልሆነ ጻፈችለት።

14ኛዋ ቤቷ ኦሮምኛ የሚነገርበት፣ ምደባዋ ወደ ሰሜን የሆነ ልጅ ናት። አማርኛዋ ለክላስ ይበቃል። ለማልቀስ ግን አይበቃም። አማካሪዋ ደግ ሴት ነበረች፤ ልጅቷ ግን የሆዷን በሁለተኛ ቋንቋ ስታስረዳ ቃል እየጠፋት፣ መጨረሻ ላይ ደህና ነኝ ብላ ወጣች። ተማሪ ከአገሩ ዳር እስከ ዳር የሚመደብ ከሆነ አማካሪም በቋንቋ መመደብ አለበት ነው ሐሳቧ። አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ በሌላ ክልል የተማረም ተመሳሳይ ነገር እንደሚገጥመው ጨመረች።

15ኛው ይህን ይዞ ብሔር ውስጥ ገባ። ስድብ ስለነበረበት ተነስቷል፣ እኔም አልዘረዝረውም።

16ኛው ነገሩን ወደ ሰው መለሰው። በ2012 ዓ.ም. ግቢዎች ሲረበሹ፣ ወልድያ ላይ ተማሪዎች የሞቱ ጊዜ፣ እሱ በሌላ ግቢ ሁለተኛ ዓመት ነበር። ሌሊት በር ሲንኳኳ የሰማ፣ ሻንጣውን ሳይዝ የወጣ፣ ከወራት በኋላ ደግሞ እዚያው ዶርም ተመልሶ የተኛ ልጅ ነው። ሲመለሱ የተደረገላቸው ስብሰባ ነበር። ስለ ሰላም ንግግር ተደረገ። እንቅልፍ ይወስዳችኋል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እስከ ዛሬ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል። የየትኛው ብሔር እንደሆነ አልጻፈም። ማንም አልጠየቀውም።

17ኛዋ ጥሩ ዜና ይዛ መጣች። እሷን የያዛት የሥርዓተ ፆታ ቢሮ ነው። አንድ መምህር ሲያስቸግራት የሄደችው እዚያ ነበር፤ ያለችውን ሰምተው ሴክሽኗን አስቀየሩላት፣ ቲቶሪያል አስገቧት፣ በየሳምንቱ ሐሙስ ከምታናግራት አንዲት ሴት ጋር አገናኟት። ሴት ተማሪዎች ካውንስሊንግ የሚለው በር ከተዘጋባችሁ ያንን አንኳኩ ትላለች።

18ኛው ሜሪላንድ የሚማር ልጅ ነው። እዚያ ግቢው የምክር ማዕከል እንዳለው፣ ወረፋው ግን እንደሚረዝም፣ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአገር ደረጃ ለጨነቀው ሰው 988 የሚባል አጭር ስልክ ቁጥር መኖሩን ጻፈ። እሱም ቢሆን የሐበሻ አማካሪ ፈልጎ አጥቷል። 19ኛው ስለ አሜሪካ የጠየቀ የለም ብሎ አመናጨቀው። አግባብ አልነበረም። ልጁ ሌሊት ላይ ቁጭ ብሎ ነው የጻፈው።

20ኛዋ ጡረታ የወጡ ፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪ) ናቸው፤ ልጃቸው ናት የጻፈችላቸው። ይሄን መልስ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የሴቶች ብሎክ ላይ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። የሚጠየቁት ስለ ቁልፍ፣ ስለ ፍራሽና ስለ ተሰበረ አምፖል ነው። እሳቸው ግን ሌላም ያያሉ። ለቁርስ የማትወርደውን ያውቃሉ። ልብሷን ማጠብ የተወችውን፣ ለበዓል ቤቷ የማትሄደውን፣ ስልክ ይዛ ደረጃ ሥር የምታለቅሰውን ያውቃሉ። አንዲት ልጅ ነበረች፣ ሌሊት ሌሊት ኮሪደሩን ትዞራለች። እሳቸው ከወንበራቸው ተነስተው በፔርሙዝ ሻይ ቀድተው ደረጃው ላይ አብረዋት ይቀመጡ ነበር። አይጠይቋትም። በአምስተኛው ሌሊት ራሷ ተናገረች። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚወስዷት ግን አያውቁም፤ ማንም አልነገራቸውም፣ ማንም አላሠለጠናቸውም። ልጅቷን የእህቷ ስልክ ላይ ደውለው አስወሰዷት። ደህና ናት፣ አግብታ ወልዳለች።

የኔ ጓደኛ የተኛችበት ብሎክም ፕሮክተር ነበራት። ሦስት ሳምንት ሙሉ በፊቷ ወጥተን ገብተናል። አንዳችንም አልነገርናትም፣ እሷም አልጠየቀችንም። ለፕሮክተሮች የግማሽ ቀን ሥልጠናና አንድ ስልክ ቁጥር መስጠት ምን ያህል ያስከፍላል? እስካሁን ስለዚህ ነው የማስበው።

21ኛው፣ 2ኛው መምህር ተመልሶ መጣ። የ20ኛዋን መልስ አትሞ ለተማሪዎች ዲን አስገብቷል። አብሮም ክፍሉ ወደ ክሊኒኩ ሕንፃ እንዲዛወር ጠይቋል። ክሊኒክ ሁሉም ሰው ይሄዳል፣ ለጨጓራም ለጉንፋንም። እዚያ ወረፋ ላይ የተቀመጠን ሰው ለምን መጣህ የሚለው የለም። መልሱን ሲያገኝ እንደሚነግረን ቃል ገብቷል።

22ኛው 7ኛው ናቸው። አቋማቸውን አልለወጡም። ስለ ጓደኛዬ የጻፉትን ቃል ግን አጥፍተውታል። አመሰግናለሁ።

ወንድሜ ባለፈው ቅዳሜ ገባ። ከመሄዱ በፊት ምክር አላበዛሁበትም። አንድ ሥራ ብቻ ሰጠሁት፦ ዶርምህን ባወቅህ ማግስት፣ ደህና እያለህ፣ ሳይከፋህ፣ ያንን ቢሮ ፈልገህ በሩን አይተህ ና። የፕሮክተርህንም ስም ጠይቅ። ትናንት ማታ ፎቶ ላከልኝ። ከላይብረሪው ጀርባ ምድር ቤት ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይነበባል፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት ይላል። ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። ፕሮክተሩ ጋሽ እንደሚባሉና የእኛ ሰፈር ሰው እንደሚመስሉት ጽፎልኛል። ዛሬ ረቡዕ ስለሆነ ስልኩን እኔ ራሴ ደወልኩበት። ሁለት ጊዜ ጠራ፣ አንዲት ሴት አነሳችው።